ለራሱ የሚያዝዝ የለም

አባዬ ሚስት ላገባ ነው ብሎ አልነገረኝም። «ቅዳሜ ቱርኮቹ ጋ ምሳ እንብላ» ነው ያለኝ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለልኩ ነበር፤ ክው አልኩ። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ አንዳችንም የዚያን ቤት ደጃፍ ረግጠን አናውቅም። ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። አንዲት ሴት አብራን እንደምትበላ፣ ጥሩ ሰው እንደሆነች፣ ያለ እኔ ፈቃድ ግን ምንም ነገር እንደማያደርግ በአንድ ትንፋሽ ተናግሮ ጨረሰ። ወንድሜማ እሺ ብሏል። «አንቺ ካልሽ ይሆናል፣ ካላልሽ ይቀራል» ብሎኝ ስልኩን ዘጋው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። አባት ልጁን ይድራል እንጂ ልጅ አባቷን ትድራለች እንዴ? ደንበኛዬ ፊቴን በመስታወቱ አይታ ምነው ደህና ነሽ ስትለኝ፣ ደህና ነኝ አልኳትና ጥቅልሉን ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት፤ ምስኪን፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ስናደድ እጄ ይከብዳል። የሚያውቁኝ ደንበኞቼ ከበሩ ላይ ፊቴን አይተው ዛሬስ ይቅርብኝ ብለው የሚመለሱበት ቀን አለ።

ማን እንደሆነች ባይነግረኝም ገምቻለሁ፤ ሴትዮዋን በሩቁ አውቃታለሁ። መጋረጃ ሰፊ ናት። የመርፌው ቀዳዳ አልታይ ሲላት መነጽር ልታሠራ አባዬ ሱቅ መጣች፤ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የመነጽር መስታወት ሲሞርድ የኖረ ሰው ነው። መነጽሩ ተሠርቶ ካለቀ በኋላም እግሯ ከሱቁ አልጠፋም። አንዴ ጆሮዬን ጠበበኝ ትላለች፣ አንዴ ብሎኑ ላላ ትላለች። እኔም ነገሩን ልብ ብዬ «ባለ መጋረጃዋ ዛሬስ ምኗ ላላ?» እያልኩ አባዬን እተርበው ነበር። እሱም አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። በኋላ በኋላ ሸሚዙን እየተኮሰ መልበስ ጀመረ። ያኔ እንኳ አልነቃሁም፤ ተረቡ ቁም ነገር ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

እውነቱን ለመናገር፣ ለአባዬ ብቻውን መኖር አልሆነለትም። እኔና ወንድሜ በየተራ ምግብ እናደርስለታለን፤ እሱ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ይረሳዋል። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ገብቼ ምድጃው አጠገብ ቆሞ የቀዘቀዘ ሾርባ ከድስቱ በጭልፋ ሲጠጣ አገኘሁት። ምነው አባዬ፣ ቁጭ ብለህ አትበላም ወይ ስለው «ለማን ብዬ ልቀመጥ» አለኝ። አንጀቴን በላው። ቤቴ ገብቼ ስንሰቀሰቅ አመሸሁ። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ማወቅ ሌላ፣ በእናት ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ ማየት ሌላ።

«ቱርኮቹ ጋ» የምንላት ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለች ጠባብ ምግብ ቤት ናት። እማዬ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራዋን ስትጨርስ፣ አባዬ ሱቁን ዘግቶ፣ እኔንና ወንድሜን በግራና በቀኝ ይዞ እዚያ ይጠብቃት ነበር። ሁልጊዜ በጓሮው በር በኩል ነበር የምትመጣው፤ ፊቷ በእንፋሎት ወዝቶ፣ እጇ ሳሙናና የተተኮሰ አንሶላ እየሸተተ። ከመቀመጧ በፊት ወደ ዳቦው ምድጃ ጠጋ ብላ ባለቤቱን «ዛሬስ ከእኔና ከአንተ ማን ነው በደንብ የበሰለው?» ትለዋለች። ባለቤቱ ቱርክ ነው፤ የክንዱን ፀጉር እሳት ለብልቦ የጨረሰው ግዙፍ ሰውዬ። ቋንቋችንን እየሰባበረ አንድ የማይቀየር መልስ ይመልስላታል፤ «ዳቦ እኔ፣ አንቺ እመቤት»። ምኑ እንደሚያስቀን እንጃ፣ ግን በየሳምንቱ እንስቅ ነበር።

የዚያ ቤት ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ተነፍቶ ኳስ ያክላል። ማን ቀድሞ ይብሳው ብለን ከወንድሜ ጋር በክርን እንጋፋለን፤ የቀደመው ጣቱን እንፋሎት ይለበልበዋል፣ ግን ማን ግድ አለው። ከዚያ ቀዩ የምስር ሾርባ ይመጣል፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ የደረቀ ናና ጣል ይደረግበታል። ጨው ያለበት ቀዝቃዛ የእርጎ መጠጥ በብረት ኩባያ አረፋ ደፍቶ ይከተላል። እማዬ አረፋው ላይ ከንፈሯን ነክራ ነጭ ሪዝ ታበቅልና አስተናጋጁን ታሾፍበታለች። የእሱ ሪዝ ያኔ ጥቁር ነበር፤ በሪዙ የተነሳ ስሙን እንኳ ሳንጠይቀው ሪዛሙ እንዳልነው ቀረ።

ሾርባው ለሁሉም ያው ስለሆነ አይታዘዝም፣ ዝም ብሎ ይመጣል። ጣጣው ከሾርባው በኋላ ነበር። ልጆች ሳለን እኔና ወንድሜ ያዘዝነው ሲቀርብ የሌላው ያምረናል። የእሱ ይበልጣል፣ የእሷ ይሻላል፣ ለቅሶ፣ መነጫነጭ፤ የሰው ዓይን እኛ ላይ። አንድ ቅዳሜ እማዬን መረራትና ሕግ አወጣች። ከዛሬ ጀምሮ ለራሱ የሚያዝዝ የለም አለች። እያንዳንዱ በቀኙ ለተቀመጠው ያዝዛል፤ የታዘዘለት ደግሞ የመጣለትን ሳያጉረመርም ይበላል። አባዬ ለእማዬ፣ እማዬ ለእኔ፣ እኔ ለወንድሜ፣ ወንድሜ ለአባዬ። ሪዛሙ መጀመሪያ ግራ ገብቶት ጭንቅላቱን ያክ ነበር። እየቆየ ግን ለመደው፤ ሳህኖቹን ክንዱ ላይ ደርድሮ ይመጣና ማንንም ሳይጠይቅ ካዘዘው ሰው በስተቀኝ ያስቀምጣል። ወንድሜ ጺም ካበቀለም በኋላ፣ እኔ የራሴን ፀጉር ቤት ከከፈትኩም በኋላ ያ ሕግ አልተነካም።

አባዬ ለእማዬ ሁልጊዜ ጉበት ነው የሚያዝዝላት፤ በትናንሹ ተከትፎ የተጠበሰ፣ ጥሬ ሽንኩርት በገፍ የተነሰነሰበት። ሽታው ስለማይስማማኝ አፍንጫዬን ይዤ ወንበሬን ራቅ አደርጋለሁ፣ እሷ ደግሞ እኔን ለማብሸቅ ሳህኗን ታስጠጋብኛለች። እኔ ለወንድሜ የዶሮ ክንፍ። ወንድሜ ለአባዬ በቲማቲም የተሠራ ነጭ ቦሎቄ ከሩዝ ጋር። ይህ ሁሉ ተቀይሮ አያውቅም። እማዬ ብቻ ናት ለእኔ አንድ ነገር ደጋግማ የማታዝዘው። ሪዛሙ ሲመጣ ዞር ትልና ፊቴን ታየዋለች፣ ከዚያ ታዝዛለች። ፈተና የወደቅኩ ጊዜ፣ ገና ለማንም ትንፍሽ ሳልል፣ ላዩ በእሳት ጠቆር ያለውን የወተት ሩዝ ከምግቡ አስቀድማ አስመጣችልኝ። ጣፋጭ በመጀመሪያ! ማንኪያውን እንዳነሳሁ እንባዬ ዱብ አለ። ቀስ ብላ፣ መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ ታወሪኛለሽ አለችኝ። የመጀመሪያው ፍቅረኛዬ የተወኝ ሰሞን ደግሞ በብረት ላይ የተጠበሰ፣ በርበሬ የበዛበት ከባብ አዘዘችልኝ፤ ከጎኑ ሁለት የሚያቃጥል ቃሪያ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ካለቀስሽ በቃሪያው አመካኚ» አለችኝ። ወንድሜ ሰምቶ ኖሮ ለወራት ሙድ ያዘብኝ።

እንዲህ ያለ እናት ነበረችኝ። አሁን እዚያ ወንበር ላይ ባለ መጋረጃዋ ልትቀመጥ ነው።

ቅዳሜ ፀጉሬን ሳልሠራ ሄድኩ። ፀጉር ሠሪ ፀጉሯን ሳትሠራ ስትሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ይገባዋል። የቤቱ ግድግዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወንበሮቹ ያው ናቸው። የዳቦው ሽታ ገና ከመንገድ ተቀበለኝ። ባለቤቱ አርጅቷል፤ ከምድጃው አጠገብ ሆኖ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝና ቶሎ ወደ እሳቱ ዞረ። ወደ ጓሮው በር አየሁ። ልማድ ክፉ ነው፣ ለካ ትገባለች ብዬ እየጠበቅኩ ኖሯል።

አባዬና ወንድሜ የድሮ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ሴትዮዋ የእማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሌላ የት ትቀመጥ? ጠረጴዛው የአራት ሰው ነው፣ የቀረው የእኔ ነው። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች፣ አባዬ የሠራላትን መነጽር አድርጋለች፣ የጣቶቿ ጫፍ መርፌ የወጋጋው ነው። ብድግ ብላ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ሰላም አለችኝ፤ እኔ በጣቶቼ ጫፍ መለስኩላት። ወንድሜ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። እኔም መልሼ ረገጥኩት።

ሾርባው መጣ። ሎሚውን ጨምቄ አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ያው ነው፤ ቅንጣት አልተለወጠም። ምናለ ትንሽ እንኳ ቢበላሽ ኖሮ ብዬ ተመኘሁ፤ ቤቱ ድሮ ቀረ ለማለት ይመቸኝ ነበር። ዳቦው ተነፍቶ ሲመጣ ሴትዮዋ ዓይኗ በራና ማንንም ሳትጠብቅ በጣቷ ጠቅ አደረገችው። እንፋሎቱ መነጽሯን አደበዘዘው፤ ወንድሜ ሳቀ፣ አባዬም ሳቀ። አባዬ ድምፅ አውጥቶ ከሳቀ ስንት ጊዜው። እኔ ግን ፊቴን አጥቁሬ ሾርባዬ ላይ አቀረቀርኩ።

ሪዛሙ ትእዛዝ ሊቀበል መጣ፤ ሪዙ ነጭ ሆኗል። አባዬ እንደ ድሮው ጀመረ። አላሰበም፣ ቀናም አላለም፤ ጉበት፣ ሽንኩርት በዛ አድርገህ አለው። ከአፉ ከወጣም በኋላ ምን እንዳለ አላወቀም። ቀጥላ ሴትዮዋ፣ «ለእኔ ሥጋ የተሞላ ደበርጃን፣ ነጭ ሽንኩርት እንዳይበዛበት» አለች። እኔ የዶሮ ክንፍ፣ ወንድሜ ቦሎቄ።

ሕጉን የነገራት የለም። ክፋት እንዳይመስላችሁ፣ ለማንም ነግረነው ስለማናውቅ ነው። እኛ ቤት ማንኪያ በእጅ ይያዛል ብሎ የሚናገር አለ? ይህም እንደዚያው ነው። አባዬ ወንድሜ የነገራት መስሎታል፣ ወንድሜ ደግሞ አባዬ የነገራት መስሎታል። እኔ ግን «ለእኔ» ስትል ጥርት አድርጌ ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ትየው ብዬ ነው።

ሪዛሙ ሳህኖቹን ክንዱ ላይ ደርድሮ መጣ። ማንንም አልጠየቀም። ቦሎቄውን አባዬ ፊት፣ ክንፉን ወንድሜ ፊት፣ ደበርጃኑን እኔ ፊት አኖረ። ጉበቱን ሴትዮዋ ፊት አሳርፎ ሄደ።

አባዬ መጀመሪያ ጉበቱን፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሴትዮዋን አየ፤ ፊቱ አመድ ሆነ። ወንድሜ ክንፉን አፉ አድርሶ መለሰው። ሴትዮዋ የራሷ ደበርጃን እኔ ፊት ተቀምጦ አየች፣ ከእሷ ፊት ያለውን ጉበት አየች። አባዬ አስቦ የጋበዛት መስሏት ነው መሰለኝ። ሹካዋን አነሳችና አንድ ቁራጭ አፏ ከተተች። ጉበት እንደማትወድ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ሳታላምጥ ዋጠችውና እርጎውን ከነአረፋው ጨለጠችበት። ከንፈሯ ላይ ነጭ ሪዝ በቀለ። ሁለተኛውን ቁራጭ አነሳች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ አባዬ ዞራ፣ ይጣፍጣል አለችው።

አባዬ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ይቅር» አለ። «አፌ እንኳ የሚያውቀው የእናታችሁን ብቻ ነው። እርስዎንም በከንቱ አላንገላታዎ። ይቅር፣ ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም።»

ሴትዮዋ ሹካዋን ቀስ ብላ አኖረች። አልተቆጣችም፣ ምን በደልኩም አላለችም። ገብቶኛል አለችና አፏን ጠርጋ ከወንበሯ ጀርባ ያንጠለጠለችውን ቦርሳ ማውረድ ጀመረች።

እንግዲህ የፈለግኩት ሆነ ማለት ነው። እምቢ ሳልል፣ ክፉ ሳልባል፣ ነገሩ በራሱ ጊዜ ሞተ። አንጀቴ ቅቤ መጠጣት ነበረበት። ግን አባዬን አየሁት፤ ቦሎቄው ሳይነካ እየቀዘቀዘ ነው፣ እጁ ጭኑ ላይ ወድቋል። ከዚህ ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ቤቱ፣ ምድጃው አጠገብ ነው የሚሄደው፣ ጭልፋውን ይዞ ሊቆም ነው። ደግሞ ያቺ ሴት! የታዘዘለት ሳያጉረመርም ይበላል ብላ እማዬ ሕግ ስታወጣ እኔ ስንቱን ቅዳሜ አጉረምርሜአለሁ፤ ይህች ግን ሕጉን ሳትሰማ፣ እየተናነቃት በላች። ምን ልበል፣ ልቤ ሸፈተብኝ። እንዲያ ጥርሴን ነክሼ ይዤው የመጣሁት ንዴት ካለበት ጠፋ።

«ይቀመጡ» አልኳት።

ቆም አለች። ደበርጃኑን አንስቼ ከፊቷ አስቀመጥኩ፣ ጉበቱን ወደ እኔ ሳብኩት።

«ይህ የእርስዎ ነው። እኛ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ለራሱ የሚያዝዝ የለም። አባዬ ለእርስዎ ያዝዛል፣ እርስዎ ለእኔ። ሳንነግርዎ የቀረነው እኛ ነን።»

ድምፄ እንዳሰብኩት ረጋ ብሎ አልወጣም። ምን እንደማደርግ ሲጠፋኝ ሹካ አንስቼ ጉበቱን ጎረስኩ። አፈር ልብላ፣ ቀምሼው አላውቅም ነበር። ሽንኩርቱ ኮሽ ይላል፣ ሥጋው ይሟሟል። ያን ሁሉ ዓመት አፍንጫዬን ይዤ የሸሸሁት ይህንን ነው? ሳህኗን እያስጠጋች ቅመሺ ስትለኝ አንዴ እንኳ ብቀምስላት ምን ነበረበት። እያላመጥኩ እንባዬ መንታ መንታ ሆኖ ወረደ። ወንድሜ ወደ ሳህኔ ሰገግ ብሎ ተመለከተ።

«ቃሪያ የለበትም እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝና ትን አለኝ። ሴትዮዋ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችልኝ። እጇ የተተኮሰ ጨርቅ ይሸታል፤ መጋረጃ ሰፊ አይደለች፣ ምን ይሽተት። እኔ ግን ጀርባዬን አልሸሸሁም። ሪዛሙ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ተጨማሪ ውኃ አምጥቶ አስቀመጠና በጫማው ጫፍ እየረገጠ ተመለሰ።

ትንፋሼ ሲመለስ ሴትዮዋ ደበርጃኗን ገና አልነካችውም ነበር። ለመጠየቅ ፈራ ተባ እያለች፣ እናቴ ለእኔ ምን ታዝዝልኝ እንደነበር ጠየቀችኝ። ጉበት፣ ክንፍ፣ ቦሎቄ ብሎ መንገር ይቻላል። የእኔን ግን ምን ብዬ ልንገራት?

«ፊቴን አይታ ነው የምታዝዘው» አልኳት በመጨረሻ።

መነጽሯን አወለቀች። በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ መልሳ አደረገችና ዞር ብላ አየችኝ። ያልተሠራ ፀጉር፣ የቀላ አፍንጫ፣ ሽንኩርት የሸተተ አፍ። እንዲያ ሆኜ ሰው ትክ ብሎ ሲያየኝ ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን ነካሽ ብዬ እጮህ ነበር። ዝም ብዬ ታየሁላት።

«እኔ ገና አላውቅበትም» አለችኝ። «ብዙ ቅዳሜ እሳሳታለሁ። ያልወደድሽውን ትበዪልኛለሽ?»

አባዬ የእኔን መልስ ነው የሚጠብቀው። በስልክ ያለኝን አልረሳሁም፤ ካልሽ ይሆናል፣ ካላልሽ ይቀራል። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ዓይን ሲያስተካክል የኖረው አባቴ የእኔን ዓይን ማየት ፈርቶ ሹካዬ ላይ አፍጥጧል። እናቴን እንደምወዳት እሱ ያውቃል፤ እሱንም እንደምወደው የማላሳየው ለምንድን ነው አልኩ በልቤ። እንባዬን በእጄ ጀርባ ጠረግኩ።

«አባዬ» አልኩት። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ደበርጃን መሆኑን እንዳትረሳ። ነጭ ሽንኩርት ሳይበዛበት።»

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ወንድሜ ክንፉን እየጋጠ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እሱም ዓይኑን ሊጠርግ ነው፣ መቼ አጣሁት። ሴትዮዋ ከደበርጃኑ ላይ ቆርሳ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚበላ ሰው ጎረሰች።

አባዬ ለራሱ አንሾካሾከ። «ደበርጃን» አለ። «ነጭ ሽንኩርት ሳይበዛ።» ደግሞ አለው። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና ማንኪያውን አነሳ። ቦሎቄው ቀዝቅዟል፤ ግን ተቀምጦ በላው።